የአባቴ ጊታር፣ የእናቴ ዋስ

አባቴ ሲጫወት ያላየ ሰው ጊታር የፍቅር ዕቃ ይመስለዋል። የእኛ ቤት ጊታር ይመታ ነበር። ቀኝ እጁ ከትከሻው ይነሳል፣ ስድስቱን ክር አንድ ላይ ይመታል፣ ሽቅብ ይመለሳል፣ እንደገና ይወርዳል። ጥፍሩ ሥር ደም የሚቋጥርበት ቀን ነበር፤ በሱሪው ጠርጎ ይቀጥላል። እኔና ወንድሜ በሩ ጥግ ተቀምጠን የምናየው ግን ጊታሩን አልነበረም፤ እጁን ነበር። ጉልበቱ ጊታሩ ላይ አልቆ እንደሆነ ወይስ ለእኛ የተረፈ እንዳለ እናጠና ነበር።

ቤታችን አቃቂ በሰቃ ነው፣ ከድሮው የባቡር ሐዲድ ብዙም አይርቅም። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ቀን ከማሽን ጋር ሲጯጯህ ይውልና ማታ በሠራተኞች ክበብ ባንድ ውስጥ ጊታር ይይዛል። ጊታሩ ዛሬ ሱቅ የሚሰቀለው ዓይነት አይደለም። ደረቱ ጠፍጣፋ ሳይሆን እንደ ቫዮሊን ከመሀል ያበጠ ነው፤ ከወፍራም እንጨት ተፈልፍሎ የወጣ። መሀሉ ላይ ክብ ቀዳዳ የለውም፤ በግራና በቀኝ ሁለት ረጃጅም የተጠማዘዙ ቀዳዳዎች አሉት። ቀለሙ ከመሀል ማር ይመስላል፣ ወደ ዳር ሲሄድ ይጠቁራል። የተሠራው አባቴ ከመወለዱ በፊት ነው ይባላል፤ ማን እንዳመጣው የሚያውቅ ሰው ግን አላገኘሁም።

ይህ ጊታር ለሚያባብለው ሰው አይዘፍንም። በቀስታ ከነካካኸው የጣሳ ድምፅ ይሰጥሃል። ስትመታው ግን ይጮሃል፤ ጩኸቱም አጭርና ደረቅ ነው፣ ተናግሮ ይዘጋል። በክበቡ ዘመን ትራምፔትና ሳክስፎን ተሰልፈው እየነፉ እሱ ያለ ማጉያ ይሰማ ነበር። መብራት ሲጠፋ የሌላው ሰው ጊታር ዲዳ ይሆናል፤ የአባቴ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ለዚህ ነው ተጫዋቾች የሚያብዱለት። ዛሬም የእሱን ዓይነት በስልካቸው ያዩ ወጣቶች ከመሀል ከተማ ድረስ ይመጣሉ። እጃቸውን በጂንሳቸው ይጠርጉና "ልንካው?" ይላሉ። ክሮቹ ወፍራም ብረት ናቸው፣ ከአንገቱም ከፍ ብለው ነው የተወጠሩት፤ ለስላሳ ጣት ይዞ የመጣ ተቆርጦ ይመለሳል። አባቴ ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል። "ምን ታሻሸዋለህ? ምታው እንጂ!" ብሎ ይጮህባቸዋል።

እኔንም ያስተማረኝ በጩኸት ነው፤ ጩኸቱ ሲያልቅ በቀበቶ። ትምህርቱ አንድ ነበር። "መምታት ማንም ይመታል፤ ማቆሙ ነው ሥራው" ይላል። ቀኝ እጅ እንደመታ ግራ እጅ ጣቶቹን በጥቂቱ ከክሩ ማላላት አለበት፤ ያኔ ድምፁ ቀጥ ይላል። ካልላላ ይንጫጫል፣ ከዘገየም ሁሉም ነገር ይበላሻል። የእኔ ሲንጫጫ ጉልበቴ ይጠበሳል። የእሱ ግን አንድም ቀን ሲያመልጠው አልሰማሁም። እንደ እብድ መትቶ፣ በመሀል፣ ፀጥ። እየፈራሁት እንኳ ያን ፀጥታ እወደው ነበር።

ጊታሩ የእሱ የሆነው በቡጢ ነው። ክበቡ ሲዘጋ የባንዱ ዕቃ ለተጫዋቾቹ ይከፋፈል ተባለ። ሌላው ሁሉ ባለቤት ሲያገኝ ጊታሩን ሁለት ሰው ፈለገው፤ አባቴና የባንዱ ትራምፔት ነፊ። ዕጣ ይውጣ ተባለ። አባቴ ዕጣ የሚባል ነገር አያውቅም። ከክበቡ ጀርባ ተያያዙ፤ የሰውዬው ሁለት የፊት ጥርሶች ወለቁ። ትራምፔት ያለ ፊት ጥርስ አይነፋም፣ ከንፈር የሚደገፍበት ያጣል። ሰውዬው ከዚያ ቀን በኋላ ነፍቶ አያውቅም። አባቴ ይህን ታሪክ ለእንግዳ ሲያወራ ይስቃል፣ ከዚያ ጊታሩን ያነሳል።

እማዬን የሚመታበት ምክንያት አይታጣም። ወጡ ጨው በዛበት፣ ሸሚዙ አልደረቀም፣ ፋብሪካ አለቃው ተናገረው፣ እሷ ዝም አለች፣ እሷ መለሰች። አንድ ጊዜ ግራ እጇን አንጓው ላይ ሰብሮት ወጌሻ አሰረላት፤ ጠምሞ ዳነ። "ሴትና አህያ በዱላ" ይል ነበር፣ ቀልድ መሆኑ ነው። ይህን አባባል የፈጠረውን ሰው ባገኘው አህያዋን ትቼ እሱን ነበር የምጭነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና ወንድሜ ጸጥተኛ ወጣ፤ አባቴ "እሳት አመድ ወለደ" እያለ ሲያበሽቀው ኖሮ አንድ ቀን ልብሱን ይዞ ሄደ፣ አሁን ለበዓል ብቻ ይደውላል። እኔ ግን የአባቴ ልጅ ነኝ። እጄ ቶሎ ይነሳል። ደረቴን የነካ የታክሲ ረዳት ሜዳ ላይ በጥፊ ደርግሜ ቆቡን አስፈልጌዋለሁ፤ አልጸጸትም።

ከዱላው በኋላ አባቴ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል። "ደሜ ፈላ። እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ሲነሳ አላየውም።" ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ይነቀንቁና "ሰይጣን ነው" ይላሉ። ከዚያ ዋስ ይጠራል። በሽምግልና ደንብ በዳይ "ሁለተኛ አይለምደኝም" ብሎ አንድ የተከበረ ሰው ዋስ ያቆማል፤ ዋሱም "ቃሉን ቢያጥፍ እኔን ጠይቁኝ" ይላል። መጀመሪያ ታላቅ ወንድሙ ዋስ ሆነው፤ ቃሉን አጠፈ። ከዚያ የዕድራችን ዳኛ ዋስ ሆኑ፤ አጠፈ። ከዚያም ማንም "እምቢ" የማይላቸው የሰፈር አዛውንት ቆሙለት፤ እሳቸውንም አዋረደ። የሚያፍረው ግን እሱ ሳይሆን ዋሱ ነበር። እኒያ አዛውንት ከዚያ በኋላ እማዬን መንገድ ላይ ሲያዩ ይሻገሩ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሰሙነ ሕማማት፣ እማዬ ደወለችልኝ። እኔ ያን ጊዜም እንደ ዛሬው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ሥራዬ ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ መረከብ ነው። የጭነት መኪና እያራገፍን ነበር። ድምፅዋ ሹክሹክታ ነው።

"ገደልኩት" አለችኝ። "ነይ፣ ድረሺልኝ።"

ስልኩ ተዘጋ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው "እሰይ" ነው። ከቃሊቲ በሰቃ ሩቅ አይደለም፤ ታክሲው ውስጥ በሁለት ወፍራም ሰዎች መሀል ተጣብቄ ለፖሊስ የምናገረውን አዘጋጅ ነበር። ራሷን ለመከላከል ነው እላለሁ፤ ወገኖቹ ከለቅሶው ቢያባርሩን፣ እኛስ መች ልናለቅስ መጣን እላለሁ። ሰፈር ስደርስ ግን ለቅሶም ፖሊስም የለም። ከቤታችን የሚወጣው የመዶሻ ድምፅ ነው። እማዬ በሩ ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ትበላለች።

የገደለችው ጊታሩን ነበር። ለፋሲካ ቤቱን ቀለም እያስቀባች ነው። አባቴ በጾም ጊታር አይነካም፤ ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነበር። እንዲወርድ ከማድረጓ በፊት ቀለም ቀቢው ያንጠባጠበው አረንጓዴ ቀለም ደረቱ ላይ፣ ልክ ከክሮቹ ሥር፣ አረፈ። አወረደችው፣ ለመጥረግ እጇ አልገባ አላት፣ መቃኛዎቹን አንድ በአንድ እያዞረች ክሮቹን አላላቻቸው። ያኔ ብርኩማው፣ ክሮቹን ደረቱ ላይ ተሸክሞ የሚያቆመው እንጨት፣ ተነቅሎ መሬት ወደቀ። የዚህ ጊታር ብርኩማ እንደ ማሲንቆ ነው፤ አይጣበቅም፣ በምስማር አይመታም፣ ክሮቹ ሲጫኑት ብቻ ይቆማል። ክሩ ሲላላ ይወድቃል፣ መልሰህ ታስቀምጠዋለህ፣ አለቀ። እማዬ ግን ትዳር ከያዘች ጀምሮ ጊታሩን እንድትነካ አልተፈቀደላትም። ሰበርኩት አለች። የሚመጣባትን ደግሞ ከማንም በላይ ታውቃለች።

ለእኔ ደውላ ብትጠብቀኝ ኖሮ! ፍርሃት መቼ ይጠብቃል። የጎረቤታችንን አናጺ ጠራችው። አልጋም የሬሳ ሣጥንም የሚሠራ ደግ ሰው ነው። ኮላ ብቻውን አያስተማምንም ብሎ በኮላው ላይ በእኛው መዶሻ ሁለት ምስማር መታበት፤ በዚያ ከስንት ዘመን በፊት በተፈለፈለ ደረት ላይ። እኔ ስገባ እንትፍ ብሎ እያወለወለው ነበር።

"ከእንግዲህ ብትጎትቱትም አይወልቅም" አለኝ፣ ኩራት በኩራት ሆኖ።

እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! በሰቃን የሚያነቃ ጩኸት ጮህኩበት። ሰውዬው ምን እንዳጠፋ ሳይገባው የኮላ ጣሳውን ይዞ ወጣ። ቀለም ቀቢው ነገሩ አላማረውም መሰለኝ ተከተለው። መዶሻው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። እኔ ምስማሮቹን በምን ልንቀላቸው እያልኩ መሳቢያ ስበረብር አባቴ ከስግደት ተመልሶ ገባ።

በሕማማት ሰላምታ የለም። እጅ አይጨባበጡም፣ መስቀልም አይሳለሙም። አባቴ ይህን ሥርዓት አጥብቆ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ልጁን በር ላይ ቢያገኝ እንኳ እጁን ከጋቢው አያወጣም። የዚያን ቀንም ዝም ብሎ ገባ፣ ግድግዳውን አየ፣ ባዶውን ቦታ አየ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን። ምስማሮቹ አዲስ ናቸው፣ ያብረቀርቃሉ።

"ማነው?" አለ።

እማዬ አፏን ከፈተች። ቀደምኳት። "እኔ ነኝ" አልኩት።

ያ በሕማማት ሰላም የማይል እጅ ከጋቢው ወጣ። የመጀመሪያው ጆሮዬ ላይ ነው ያረፈው፤ ቤቱ ውስጥ ፉጨት ተነሳ። ሁለተኛውን በክንዴ ያዝኩት። እኔም ልጅ አይደለሁም፣ ሣጥን ስሸከም የምውል ሴት ነኝ። ገፋሁት፣ ከቁም ሣጥኑ ጋር ተላተመ። ተመልሶ ጸጉሬን ጨበጠና ፊቴን እርጥብ ግድግዳው ላይ አሸው፤ ቀለም አፌ ውስጥ ገባ። የእጁን አንጓ አገኘሁና ነከስኩት። የጋቢውን ጥጥና የደሙን ጨው አንድ ላይ ቀመስኩ። አልለቀቀኝም፣ አልለቀቅኩትም። የቀለሙ ባልዲ ተገለበጠ፤ አባትና ልጅ አረንጓዴ ሆነን ተንሸራተትን፣ ተነሳን፣ እንደገና ተያያዝን። ከውጭ ጎረቤቶች "ኧረ በሕማማት!" ይላሉ። ሲመታን ኖሮ አላስጮሃቸውም፣ ዛሬ ግን ቀኑ ከበዳቸው። እጁን ሊያሳርፍብኝ ከፍ ሲያደርገው አየሁት፤ ተጨብጧል። ያ ቡጢ ቢያርፍብኝ ኖሮ ትራምፔት ነፊውን እሆን ነበር።

ቋ! የሚል ድምፅ መጣ።

እማዬ መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ፣ ከጊታሩ አጠገብ መትታ ነበር። ባዶው ደረት አጉረመረመ። ከዚያ መዶሻውን በዚያች በጠመመች እጇ ከጊታሩ በላይ አነሳችው።

"ልቀቃት" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

የአባቴ እጅ አየር ላይ ቆመ። ከሥሩ ስለነበርኩ ሲቆም ከማየቴ ይልቅ ተሰማኝ። ክንዱ አልተንቀጠቀጠም፣ ቀስ ብሎም አልወረደም። በግራ እጁ ክር ሲያፍን እንደሚያደርገው ቀጥ አለ። ጸጉሬን ለቀቀ።

"ተይ" አለ። "ተይ፣ እባክሽ። እባክሽ በልጆችሽ።"

እባክሽ! ያን ቃል በዚያ ቤት ከሱ አፍ ሰምቼው አላውቅም። እማዬ እጇ ሲሰበር፣ ወንድሜ ሲያለቅስ፣ ሽማግሌ ጉልበቱን ሲስም ያልቆመ እጅ ለእንጨት ቆመ። የተናደድኩበት ጊዜ ብዙ ነው፣ እንደዚያን ቀን ግን ተናድጄ አላውቅም።

እማዬ ጊታሩን በነጠላዋ ጠቀለለችው። በአንድ እጇ እሱን አቀፈች፣ በአንድ እጇ መዶሻውን ይዛ ከበሩ ወጣች። እኔ ፊቴ አረንጓዴ እንደሆነ ተከተልኳት። ጎረቤት መንገድ ከፈተልን። ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ረዳቱ አያት፣ መዶሻውን አየ፣ እኔን አየ።

"ማዘር፣ መዶሻውን ወደ ታች ያርጉት፤ ሰው ፈራ" አላት።

"ይፍራ" አለችው።

ፋሲካን እኔ ቤት ፈሰክን። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሽማግሌ መጣ። ሦስት ሽማግሌዎች እያለከለኩ ደረጃዬን ወጡ፤ አባቴ እንደ ደንቡ በዳይ ነውና ታች ከብሎኩ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከሦስቱ አንዱ ያ ትራምፔት ነፊ ነበር። ከአባቴ ጋር ከታረቁ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገብተዋል፣ ሲናገሩ ጥቂት ያፏጫል። ተቀመጡ፣ ውኃ ጠጡ፣ የሰይጣንን ነገር አነሱ። በመጨረሻ ዋና ተናጋሪው "እንግዲህ ዋስ ይጠራል፤ ማንን ይጥራ?" አሉ።

"ዛሬ የምጠራው እኔ ነኝ" አለች እማዬ። ተነስታ ከአልጋዬ ላይ ጊታሩን አመጣች፣ ነጠላውን ገለጠችው። "ዋሴ ይሄ ነው።"

ሽማግሌው ሳቃቸው መጣ። "እህቴ፣ ዕቃ እንዴት ዋስ ይሆናል? ዋስ ስም ያለው ሰው ነው።"

"ስም ያላቸውን አየኋቸው" አለች። "ይሄ እዚህ፣ ልጄ ቤት ይቀመጣል። መዶሻውም አብሮት። እኔ ቤቴ እመለሳለሁ። ሲያምረው እሑድ እሑድ መጥቶ እዚሁ ይጫወትበት። እጁን ካነሳብኝ፣ አንድ ጊዜ፣ እደውልላታለሁ። እሷ ታደቅቀዋለች።"

ትራምፔት ነፊው ጥርሳቸውን አወለቁና መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት። አፋቸው ወደ ውስጥ ገባ፣ ድንገት አረጁ።

"እኔ ይሄን የገበርኩት ለዚህ ጊታር ነው" አሉ። "ይህን ሰው ሰው አላስቆመውም። ይሄ ግን ያስቆመዋል። ዋስ ነው፣ ጻድቅ ዋስ ነው።"

አባቴ ተጠርቶ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ያየው ጊታሩን ነው፣ ቀጥሎ እሷን። ተነገረው። ከዚህ በፊት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲምል ድምፁ ደማቅ ነበር። ያን ቀን "ካጠፋሁ ይሰበር" ሲል አንደበቱ ተሳሰረ። ከዚያ ጉጠት ይሰጠኝ አለ። እማዬ መዶሻውን ይዛ ከአናቱ ቆማ እያለች ሁለቱን ምስማሮች ፊቱን ላብ እያጠበው ነቀላቸው፣ የደረቀውን ኮላ በጥፍሩ ፋቀው። ክሮቹን አጠበቀ፣ ብርኩማውን ጥቂት በጥቂት እየገፋ፣ እየመታ፣ ጆሮውን አስጠግቶ እያዳመጠ ቦታውን ፈለገለት። ሁለት ቀዳዳ ቀረ። እንዲያም ሆኖ ሲመታው የብሎካችን ሰው በረንዳ ላይ ወጣ።

እማዬ እንድትመለስ አልፈለግኩም። "እዚሁ ሁኚ" ብዬ ለምኛታለሁ፣ ጮኼባታለሁም። "ቤቴን ለሱ ልተውለት?" ትላለች። ሄደች። ከዚያ በኋላ ስልኬ ጠርቶ የእሷን ስም ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ መዶሻውን አያለሁ። እሰብረው ነበር ወይ ለሚለኝ፣ አዎ። እወደዋለሁ፣ እሰብረዋለሁ። እሷ ግን የምትደውለው ስለ ሽንኩርት ነበር፣ ስለ ውኃ መጥፋት ነበር። አባቴ አልመታትም። ወጡ ጨው ሲበዛበት ጥርሱን ነክሶ ይበላል አለችኝ። አንዴ ሰሐን ወርውሮ፣ ግድግዳው ላይ ተሰብሮ፣ ደንግጦ ራሱ ጠረገው። እሷ ይህን ስትነግረኝ ትስቅ ነበር፤ ወፈረችም። ዋሷ ጸና ብዬ ደስ አለኝ።

እሑድ እሑድ ሁለቱም በታክሲ ይመጣሉ። እሱ ሳሎን ውስጥ ይመታል፣ እኛ በረንዳ ላይ ሆነን ሥራችንን እንሠራለን። አጠገባችን ካለው ብሎክ አንድ ወጣት መምጣት ጀመረ፤ ሆቴል ውስጥ ጊታር የሚጫወት ልጅ ነው፣ ጊታሩን ባየ ቀን እንቅልፍ አጥቷል። አንድ እሑድ አባቴ ያን የድሮ የክበብ ምት እየወቀጠ፣ በመሀል ቀጥ እያደረገ፣ እንደገና እየወቀጠ ነበር። ወጣቱ ጭንቅላቱን ያዘ።

"ፋዘር" አለ፣ "መምታቱን እኔም እመታለሁ። እንዴት ነው ግን እንዲህ ቀጥ የሚያደርጉት? የእኔ እጅ አንዴ ከተነሳ አይሰማኝም።"

አባቴ ሳቀ። ደስ ብሎት፣ ከልቡ ሳቀ።

"አይሰማኝም የሚባል ነገር የለም" አለው። "እጅህ የማን ነው? ያንተ አይደለም እንዴ? ቁም ስትለው ይቆማል። ያልቆመ እንደሆነ አንተ አልፈለግክም ማለት ነው።"

እማዬ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። ግራ እጇን፣ ያንን የጠመመ አንጓዋን፣ በቀኟ ያዘችው።

"ሰማሽው?" አለችኝ።

"ሰማሁት።"

"እኔ እኮ ሰይጣን ነው ብዬ ነበር ይቅር ያልኩት።"

ተነስታ ገባች። ወጣቱ ፊቷን አይቶ ቦታ ለቀቀ፣ ሰበብ ፈልጎም ወጣ። አባቴ ጊታሩን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ቀና ብሎ አያት። መዶሻውን የምታነሳ መስሎኝ ነበር፤ እሱም እንደዚያው መስሎታል፤ ደረቱን በሁለት እጁ ሸፈነው። የጊታሩን ደረት። እሷ ግን መዶሻውን ዞራም አላየችው። ነጠላዋን ከወንበሩ ላይ አንስታ ጠቀለለችለት፣ ያመጣችበትን ያንኑ ነጠላ።

"ዋሴን አውርጃለሁ" አለችው። "እኔ ከዚህ አልመለስም። ይዘኸው ሂድ።"

"ምን አደረግኩ?" አለ። "ነክቼሻለሁ? ተናገሪ፣ ዘንድሮ ነክቼሻለሁ?"

"አልነካኸኝም" አለች። "አለመንካት መቻልህ ነው የገደለኝ።"

ወደ እኔ ዞረ፤ የማማልደው ከመሰለው ተሳስቷል፣ እጄ ተጨብጦ ነበር። በሩን ከፈትኩለት። አባቴ እማዬን አየ፣ ጊታሩን አየ፣ እንደገና እማዬን አየ። ከዚያ ጊታሩን አቅፎ ወረደ።